በማለዳ ያልመጣ መርዶ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእምዬ ሰልስት ካለፈ በኋላ በወጉ ሳልሰናበትሽ መመለሴ ሲቆጨኝ ሰነበተ። ድንኳኑ ሰው በሰው ነበር፤ አንቺም ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተከናንበሽ ጥጉን ይዘሻል። ልነግርሽ የፈለግሁት ደግሞ ንፍሮ እየዘገኑ የሚያወሩት ነገር አልነበረም። በስልክ ሞከርኩ፤ «ደህና ነኝ» ብለሽ ዘጋሽው። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

የቀብሩ ዕለት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ያለቀስሽውን ለቅሶ ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም። እምዬ 93 ዓመቷ ነበር። ቆርባ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ስማ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ እጇን ይዘሽላት ነው ያረፈችው። ለእንዲህ ያለ ሞት ሰው በልኩ ያለቅሳል፤ «አሟሟቷን አሳመረላት» ይላል። አንቺ ግን ደረትሽን ስትደቂ፣ ፊትሽን ልትነጪ ስትይ ሴቶቹ እጅሽን ግራና ቀኝ ያዙት። ከኋላዬ «ለአማት እንዲህ ይለቀሳል?» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። «አንድ ቤት ስለኖሩ ነው» አለች አንዷ። «ቢሆንም በዛ» አለች ሌላዋ።

አልበዛም እትዬ። ለማን እንዳለቀስሽ አውቃለሁ፤ እናቴም ታውቃለች። ልጅሽ በዚያው ማታ ደውላ «ዛሬ የቀበርነው እምዬን ብቻ አልመሰለኝም» ብላኛለች። 48 ዓመት ሙሉ መውጫ ያጣ ለቅሶ ነው የዚያን ቀን የወጣው። ከዚያ ወዲህ ግን እንዳፈርሽ፣ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እንኳ ጓዳ እንደምትገቢ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዳታፍሪ ነው።

ባልሽን፣ ጋሼን፣ እኔም አስታውሰዋለሁ። ሲሄድ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አየር ኃይል ሲባል ለሰው የሚታየው ተዋጊ አብራሪው ነው፤ ያን ጊዜ በደብረ ዘይት ልጆች ዘንድ ከኤፍ-5 አብራሪ የሚበልጥ ሰው አልነበረም። ጋሼ ግን የበረራ መካኒክ ነበር፤ ያውም በሲ-47 ላይ። እኛ ልጆች ይህን ለጓደኞቻችን ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። ሲ-47 ቀርፋፋ ነው፤ መሣሪያ የለውም፤ ጥይትና ዱቄት አድርሶ ቁስለኛ ጭኖ ይመለሳል። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ ስለዚህ በ1970 እንኳንስ ለጦርነት ለሰላሙም ያረጀ ነበር። በዚያ ላይ የሚሳፈር ሰው ጀግና አይደለም የሚል ካለ፣ ጥይቱ ያለቀበትን ወታደር ይጠይቅ።

አንድ ጊዜ አስፈቅዶ ወደ ጦር ሰፈሩ ይዞኝ ገብቷል። ገና ጎሕ መቅደዱ ነበር፤ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። እነዚያ ክብ ሞተሮች ቆመው ሲያድሩ ዘይታቸው ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል፤ እንዲሁ ቢያስነሷቸው ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ፕሮፔለሩን በእጃቸው እየገፉ ያዞሩታል። ጋሼ በሁለት መዳፉ ክንፉን ይዞ ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ የሚቀጥለውን ይይዛል፣ እየቆጠረ። እኔንም አንዴ አስገፋኝ። ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ስገፋው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ከውስጡ እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ተሰማኝና ለቀቀ። «ይሄ እንቅልፋም ነው፤ በቀስታ ነው የሚቀሰቀስ» አለኝ። የአጎቴን ድምፅ ልስማ ስል እስከ ዛሬ የምሰማው ይህንን ነው።

ስለዚያ የሶማሊያ ጦርነት በተወራ ቁጥር ካራማራ ይነሣል፤ የካቲት 26 ቀን 1970። ይገባል። ጅጅጋ በመስከረም ተይዛ፣ ሐረር ተከባ፣ ድሬዳዋ በስንት ደም ተርፋ ነውና ማንም አይረሳውም። በባሌና በሲዳሞ በኩል የነበረውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ጋሼ የሄደው በዚያ በኩል ነው። ጥቅምት 12 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የሚካኤል ዕለት። ጭነቱን ነገሌ ቦረና አራግፈው ሲመለሱ በሬዲዮ የተሰማው «ተነሥተናል» የሚለው ብቻ ነው።

ካደግሁ በኋላ ያንን መንገድ በካርታ ላይ ስንት ጊዜ በጣቴ ሄጄበታለሁ። ከነገሌ ወደ ሰሜን ሲመጡ የባሌ ተራሮች በቀኝ በኩል ናቸው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ከሥሩ የሐረና ደን ነው፤ ዛፉ ከዛፍ የተጋጠመ፣ ደመናው ቅጠሉ ላይ የሚተኛበት። ጥቅምት በእኛ በኩል ሰማዩ ጠርቶ እህል የሚያሽትበት ወር ነው፤ በዚያ በኩል ግን ሁለተኛው ዝናብ የሚጥልበት ነው። አንቺ ደብረ ዘይት ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሽ «ምን ያለ ብራ ቀን ነው» ስትዪ፣ እነሱ ደመና ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ሲ-47 ደግሞ የሰው መቀመጫው አየር ስለማይታመቅበት ከተራራው በላይ ከፍ ብሎ ረጅም መንገድ ለመሄድ አይመችም፤ ዝቅ ብሎ፣ ሸለቆ መርጦ፣ መሬቱን እያየ ነው የሚበር። መሬቱ ካልታየ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። ጠላት መትቷቸውም ይሆናል። ፈላጊ አውሮፕላኖች ተመላልሰው አንድ ቁራጭ ብረት እንኳ ሳያዩ ቀሩ።

ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ ማታ የልብስ ስፌት መኪናሽን ፈታትቶት ነበር። ክር እየበጠሰ አስቸግሮሻል። ሆዱን ከፍቶ ብረቱን በነጭ ጋዝ አጠበ፤ በጨርቅ አደረቀ፤ አንዷን ትንሽ ብሎን እንዳትጠፋ በቪክስ ቆርቆሮ ከተታትና «ነገ ማታ እገጥመዋለሁ» አለሽ። መኪናው ዛሬም እንደተፈታ፣ አንቺ በጠለፍሽው ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በመስኮቱ ሥር ነው። ቆርቆሮዋም ከላዩ አለች። ልጅ ሆኜ ከፍቼ አይቻታለሁ፤ የቪክሱ ሽታ እስካሁን አልለቀቃትም ነበር። የሰፈሩ ሰው ስንቴ መካኒክ እናምጣልሽ አለሽ! «ባለቤቱ ይጨርሰዋል» ብለሽ፣ ልጅሽን በእጅሽ ሰፍተሽ አለበስሻት።

ወታደሮቹ የመጡት ሰኞ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ወረቀት ይዟል። እምዬ በረንዳው ላይ ጌሾ እየለቀመች ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ደፉ ላይ ተቀምጫለሁ። በአገራችን መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። ዘመድ ሌሊቱን ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ባለሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣና እህል ሳይቀምስ ደጁን ይመታል። ይህን የማያውቅ የለም። እምዬ ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ ቀስ ብላ ተነሣች። «መርዶ በማለዳ ነው። እናንተ የመጣችሁት በከሰዓት ነው። ስለዚህ የያዛችሁት መርዶ አይደለም» አለቻቸው። ሰዎቹ ተያዩ። ወረቀቱም ቢሆን ሞተ አይልም፤ «የደረሰበት አልታወቀም» ነው የሚል። አንደኛው ወረቀቱን ለአንቺ ሰጠሽ፤ ቆባቸውን ይዘው ትንሽ ቆመው ሄዱ። እምዬ ተመልሳ ጌሾዋን መልቀም ጀመረች። እጇ ግን ቅጠሉን ትቶ እንጨቱን ይለቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ማለዳ የሚያስፈራ ሰዓት ሆነ። ወተት የምታመጣዋ ሴት ፀሐይ ሳትሞቅ እንዳታንኳኳ ተነገራት። ዘመድ ከሩቅ ሌሊት ቢደርስ እንኳ ከበር ውጭ ቆሞ ይነጋበት ነበር። አንቺም ጥቁር አልለበስሽም፤ ፀጉርሽን አልተላጨሽም፤ እድሩ ድንኳን አልተከለም። ሰው ሁሉ ምን እንደሚልሽ ጨነቀው። «እግዜር ያጽናሽ» ቢልሽ ገደለው ማለት ነው። «አይዞሽ ይመጣል» ቢልሽ ደግሞ ዋሸሽ። ቋንቋችን ለሐዘን ስንት ቃል አለው፤ ለአንቺ የሚሆን ግን ጠፋ። ስለዚህ ሰው መጥቶ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቶ ይሄዳል። አንቺም ቡና አፍልተሽ ትሸኛለሽ። የ24 ዓመት ሴት ነበርሽ፤ በማኅፀንሽ ልጅ ይዘሻል።

ደብረ ዘይት መኖር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን አውሮፕላን ሳያዩ መዋል ይቻላል። እዚያ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በራስሽ ላይ ይነሣል፣ ያርፋል። የከተማው ልጅ በድምፁ ይለየዋል። አንቺና እምዬም ለመዳችሁ፤ የጄቱ ጩኸት ሲያልፍ አትንቀሳቀሱም፤ የሁለት ሞተር ጉርምርምታ የተሰማ እንደሆነ ግን እምዬ ከጓዳ፣ አንቺ ከማጀት ትወጣላችሁ። እጃችሁን ለዓይናችሁ ጥላ አድርጋችሁ ታያላችሁ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሳትነጋገሩ ትመለሳላችሁ። ይህን ስንቱን ዓመት አየሁት።

ከዚያ 1980 መጣ። ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙ፤ ምርኮኞች ተለዋወጡ። 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት የቆየው አብራሪው ለገሠ ተፈራ በሕይወት ተመለሰ ሲባል፣ እናቴ በሩጫ ወደ እናንተ ቤት የሄደችውን አልረሳውም። ለገሠ ከተመለሰ ማን አይመለስም! አንቺ ፎቶውን ይዘሽ፣ የ10 ዓመት ልጅሽን በእጅሽ ይዘሽ ሄድሽ። ከተመለሱት አንዱን ስታስቆሚ፣ አንዱን ስትጠይቂ ሰነበትሽ። ሁሉም ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዩልሽ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቅንቀው መለሱልሽ። የዚያን ጊዜ ስትመለሺ አላለቀስሽም። እናቴ «ብታለቅስልኝ ይሻለኝ ነበር» ትላለች። ልጅሽ እንደነገረችኝ አውቶቡሱ ውስጥ ያልሽው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነገ የገብስ ቆሎ እንቆላለን።»

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። 48 ዓመት ያላለቀስሽበትን ምክንያት አንድ ቀን ነግረሽኛል፤ ረስተሽው ይሆናል። «ካለቀስኩ ሟርት ነው» አልሽኝ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ እሱን በገዛ እጅ መግደል መስሎ ታይቶሻል። ስለዚህ በቤታችሁ ስለ ጋሼ ሲወራ «ነበር» አይባልም። «ጋሼ ቡና ያለ ስኳር ይወዳል» እንጂ «ይወድ ነበር» አይባልም። እኔ በዚህ ደብዳቤ ስንት ቦታ «ነበር» ብያለሁ፤ ይቅር በይኝ። እምዬ እያለች አፌን እይዝ ነበር። አሁን እምዬ ሄዳለች፤ ዘብ የምትቆሚው አንቺ ብቻ ቀረሽ። በቀብሯ ላይ ስታለቅሺ ያፈርሽው ለዚህ ይመስለኛል። ከሰው አይደለም ያፈርሽው፤ ከእሱ ነው። እንደከዳሽው ቆጥረሽዋል።

እኔ ግን ያዕቆብን አስታውሺ እልሻለሁ። ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በደም ነክረው ሲያመጡለት ልብሱን ቀደደ፤ ማቅ ታጠቀ፤ ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሡ መጽናናትን እምቢ አለ። ዮሴፍ ግን በሕይወት ነበር፤ በግብፅ ነበር። ያዕቆብ በሕይወት ላለ ልጁ ነው የዚያን ያህል ዘመን ያለቀሰ። ታዲያ ያ ለቅሶ ዮሴፍን ገደለው? አልገደለውም። በመጨረሻም ሲገናኙ ዮሴፍ «ስለምን እንደ ሞተ ሰው አለቀስክልኝ?» ብሎ አልተቆጣም። አንገቱን አቅፎ እሱም አለቀሰ እንጂ። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ እንዲህ አድርጌ ያሰብኩት ግን በእምዬ ቀብር፣ ያንቺን ጩኸት ስሰማ ነው። ጋሼ የሆነ ቦታ ካለ፣ ስላለቀስሽለት አይቀየምሽም። ከሌለም የዘገየ ለቅሶውን ተቀብሏል። በሁለቱም በኩል ያጠፋሽው ነገር የለም።

ሌላም ላውጋሽ። ሥራዬ ማስተማር አይደል፤ ለተማሪዎቼ «ትንሹ ልዑል» የሚባል መጽሐፍ አነባለሁ። የጻፈው ፈረንሳዊ፣ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ፣ አብራሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 24 ቀን 1936፣ ከኮርሲካ ደሴት ተነሥቶ የጠላትን ይዞታ ፎቶ ለማንሣት ብቻውን በረረ። አልተመለሰም። 44 ዓመቱ ነበር። የአውሮፕላኑን ስም ስትሰሚ ትገረሚያለሽ፤ ኤፍ-5 ይባላል። እኛ የምናውቀው አይደለም፤ በባለ ሁለት ጅራቱ ላይትኒንግ ላይ ካሜራ የተገጠመበት ነው። አገሩ 54 ዓመት ሙሉ የት እንደ ወደቀ ሳታውቅ ቆየች። በ1990 መጨረሻ ከማርሴይ ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሲስብ የብር የእጅ ሰንሰለት አገኘ። ላዩ ላይ የአብራሪው ስም፣ አጠገቡም የሚስቱ ስም ተቀርጾበታል፤ ኮንስዌሎ። ከዚያ አውሮፕላኑ ከባሕሩ ወለል ላይ ተገኘ፤ ስብርባሪው ወጥቶ በላዩ ባለው ቁጥር የእሱ መሆኑ በ1996 ተረጋገጠ።

ይህን የማወጋሽ ያንቺም ነገር ይገኛል ብዬ ተስፋ ልሰጥሽ አይደለም። የማልችለውን አልሰጥሽም። የማወጋሽ ስለ ኮንስዌሎ ነው። እሷ የሞተችው በ1971 ነው፤ ስሟ ከባሕር ከመውጣቱ 19 ዓመት ቀድማ። አላየችውም። ቁርጡን ሳታውቅ ነው የሞተችው። ነገር ግን ምንም ማስረጃ ሳይኖራት ስለ ባሏና ስለ ትዳራቸው ጽፋ ኖሯል፤ ክፉውንም ደጉንም። ጽሑፉ ከሞተች በኋላ ከሣጥን ተገኝቶ ታትሟል። የባሏ አገር ፈረንሳይም አስከሬኑን እስክታገኝ አልጠበቀችም፤ ገና ባሕሩ ምንም ሳይመልስ፣ ታላላቅ ሰዎቿን በምታከብርበት በፓንቴዎን ግድግዳ ላይ ስሙን ቀርጻዋለች።

አንቺ ግን አንድ ቃል ሳትናገሪ ኖርሽ። ልጅሽ 47 ዓመቷ ነው፤ ስለ አባቷ የምታውቀው እኔና እናቴ የነገርናትን፣ እምዬም በሕይወት እንዳለ አድርጋ ያወራችላትን ነው። እንዴት እንደተዋወቃችሁ አታውቅም። ሲቆጣ ምን እንደሚል አታውቅም። የስፌት መኪናው ለምን እንደተፈታ እንኳ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ አንቺ «ተበላሽቶ ነው» ብለሻታል። እትዬ፣ ይህ ቅር የሚለኝ ነገር ነው፤ ለማጽናናት በጻፍኩት ደብዳቤ መውቀሴን ይቅር በይኝ። «ነበር» ማለትን ከፈራሽ ያለ «ነበር» ንገሪያት። ብቻ ንገሪያት።

ከአሁን በኋላ ምን እናድርግ ለሚለው፣ አባቶቻችን መላ ነበራቸው። በሩቅ አገር የቀረ ሰው ሲለቀስለት ልብሱ ይወጣ ነበር፤ ጋሻ ጦሩ፣ ካባው፣ በቅሎው ከነኮርቻዋ በለቅሶው መሀል ትዞራለች። አስከሬን የለም ብሎ ለቅሶ የከለከለ ሰው አልነበረም። የጋሼ ካኪ ልብስ አለ፤ ከቁም ሣጥኑ በየዓመቱ አውጥተሽ በፀሐይ እንደምታሰጪው አውቃለሁ። የንስሐ አባትሽንም ሳላስፈቅድሽ ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ሞቷል በሉ አላሉኝም። «ስሙን በጸሎት እንጥራው። ካለፈ ለነፍሱ፣ ካለም ለጤናው ይሆናል። ስሙ ሲጠራ የት እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል» ነው ያሉኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ ነገር ከማንም አልሰማሁም።

የስፌት መኪናውን ማንም አይንካው። እኔም ድሮ ይጠገን ከሚሉት አንዱ ነበርኩ፤ አሁን አይደለሁም። ማልቀስሽ መጠበቅሽን ተዪ ማለት አይደለም። ጠብቂ። ብሎኗም በቆርቆሮዋ ትሁን። ሁለቱ በአንድ ቤት ማደር የሚችሉ ይመስለኛል፤ 48 ዓመት አንዱን ብቻ አሳድረሽ ሌላውን ደጅ አቁመሽው ኖርሽ እንጂ።

አንድ ነገር ቆጥሬ አግኝቻለሁ፤ አንቺም ሳትቆጥሪው አልቀረሽም። እምዬ ያረፈችው መስከረም 3 ነው። አርባዋ የሚውለው ጥቅምት 12 ነው፤ ሚካኤል፣ ጋሼ የሄደበት ቀን። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። በዚያ ቀን የእናትና የልጅ ስም አንድ ላይ ይጠራ ብለን እኔና እናቴ፣ ልጅሽም ጭምር ተስማምተናል፤ እሺ ካልሽ ብቻ። ረቡዕ ስለሚውል ዝክሩ የጾም ነው። ሽሮውንና ምስሩን እናቴ ታዘጋጃለች፤ ጠላውን ለመጥመቅ ጌሾ ገዝታለች። ካኪ ልብሱን ማውጣት ከፈለግሽ አውጪው፤ ካልፈለግሽም የሚያስገድድሽ የለም። የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። ማንም እጅሽን አይዝሽም፤ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ።

እኛ ማክሰኞ ማታ እንደርሳለን። በማለዳ አናንኳኳም።

አንድ ነገር ብቻ እንለምንሻለን። ቄሱ ስሙን የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው። እናቴን ጠየቅኋት፤ ዘንግታዋለች። እምዬ ታውቀው ነበር፤ እሷ የለችም። አሁን የጋሼን የክርስትና ስም የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለቄሱ አንቺው ንገሪያቸው።

የሚወድሽ፣
የባልሽ የእህት ልጅ